ለመጀመሪያዋ ኪራይ ክፍል የትኛው ምድጃ? ጎጃም ገበያ ላይ ያሉት ሲመዘኑ

ካፌ የሚበላ ተማሪ ሦስት አራት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዞ ይሰለፋል። ሂሳቡ ወጪ መጋራት ሆኖ በወረቀት ይጠብቀዋል እንጂ ወጡ በስንት ሰዓት እንደበሰለ፣ መብራቱ ስንት እንደቆጠረ የሚጠይቀው የለም። ተመርቆ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ሥራ ሲጀምር ግን አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ፍራሽና ጀሪካን ይገዛል፣ ከዚያ የዕቃ ሱቅ ገብቶ ምድጃዎቹ ፊት ግራ ይገባዋል። ደመወዙ ወር ይድረስ አይድረስ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው። ቤቱ የማያበስል ሰው ቁርሱንም፣ ምሳውንም፣ እራቱንም ለምግብ ቤት ይከፍላል።

ግምገማው ለአንድ በላተኛ፣ ለአንዲት ክፍልና ለጋራ ቆጣሪ የተሠራ ነው። ባለትዳር ከሆናችሁ ወይም የራሳችሁ ቆጣሪ ያለው ቤት ከተከራያችሁ ሚዛኑ ይለወጣል።

ፍርዱን ላስቀድም። የክፍሉ መስመር ደህና ከሆነ ባለ 1000 ወይም ባለ 1500 ዋት ድፍን (ሽቦው በብረት ገበታ ሥር የተቀበረ) ነጠላ ስቶቭ ግዙ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ አንዲት ላቀች (ውስጧ ሸክላ የሆነ የከሰል ምድጃ) ጨምሩ። ክፍት ሽቦ ያለው ስቶቭ የሚገዛው ገንዘብ ሲያጥር ብቻ ነው። ኢንደክሽን (ድስቱን በማግኔት የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አይሆንም።

ከሱቁ በፊት ሶኬቱን እዩ

"ስቶቩ ቶሎ ተቃጠለ" ከሚለው ቅሬታ ብዙው የስቶቩ ሳይሆን የቤቱ ችግር ነው። ለሠራተኛ የሚከራዩት ክፍሎች አብዛኞቹ ግቢ ውስጥ በመደዳ የተሠሩ ሰርቪሶች ናቸው። መስመሩ መጀመሪያ ለአንድ አምፖልና ለአንድ ቴሌቪዥን ታስቦ ተዘረጋ፤ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ካለፈው ክፍል እየተቀጠለ ሄደ። መጨረሻ ላይ ያለው ተከራይ ስቶቭ ሲሰካ የሁሉም ጭነት በዚያው ቀጭን ሽቦ ያልፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዋቱን ለ220 ቮልት ማካፈል ነው፤ የሚወጣው አምፔር ነው። ባለ 1000 ዋት ስቶቭ 4.5 አምፔር፣ ባለ 1500 ዋት 7 ገደማ፣ ባለ 2000 ዋት 9 ገደማ ይስባል። 3500 ዋት የሚሆን የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይደርሳል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው በ10 አምፔር ባልቦላ ነው፤ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ደግሞ በ16። ስለዚህ ነጠላ ስቶቭ ብቻውን 1.5 ላይም ይሠራል፤ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ሌላ ስቶቭ ሲጨመር ግን ባልቦላው ሊወርድ ይችላል። ባልቦላው ቢወርድ እሰየው ነው። የሚያስፈራው ባልቦላው በተደጋጋሚ ስለወረደ ተነቅሎ በሽቦ የተተካበት ቤት ነው፤ እዚያ የሚቀልጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ነው።

ክፍሉን ስታዩ ሶኬቱን ተጠግታችሁ ተመልከቱት። ቀዳዳው ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምድጃ ሰክቶበታል ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ምላስ ላልቷል። ይህ ሶኬት መቀየር አለበት፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም፣ ሥራው ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈልጋል። ስቶቩ ከገባ በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ አብስሉበት፣ ንቀሉትና የፕላጉን ራስ ዳብሱ። ለብ ካለ ጤና ነው። ጣት የማያስይዝ ከሆነ ንክኪው ላልቷል፤ ዝም ካላችሁት በሳምንታት ውስጥ ይቀልጣል።

ስቶቭን በኤክስቴንሽን መሰካት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ርካሾቹ ማከፋፈያዎች ለስልክ ቻርጅና ለቴሌቪዥን የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ሽቦ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም ከዚያ በታች ነው። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሶኬቱ ከምታበስሉበት ጥግ ከራቀ ስቶቩን አምጥታችሁ ሶኬቱ ሥር አድርጉት እንጂ ሶኬቱን ወደ ስቶቩ አትጎትቱት።

ሌላው የቮልት መውረድ ነው። ማታ ከተማው ሁሉ ሲያበስል ቮልቱ 180 ሊደርስ ይችላል። የስቶቭ ኃይል ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በ180 ቮልት ባለ 1500 ዋቱ ስቶቭ 1000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ዕቃው አልተበላሸም። በጠዋት ወይም ከሥራ እንደመጣችሁ ቶሎ አብስሉ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አከራይና ቆጣሪ

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ "እትዬ፣ ስቶቭ መሰካት ይቻላል?" ብዙ አከራዮች ኪራዩ ውስጥ የሚያካትቱት አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ለስቶቭ በወር የተቆረጠ ገንዘብ የሚጨምሩም፣ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። ሳይጠይቁ ገብቶ ማታ ማታ ተደብቆ መሰካት ዶርም ውስጥ ከፕሮክተር ጋር ይሠራ ይሆናል፤ ግቢ ውስጥ ግን ቆጣሪው ይናገራል።

በየዕለቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል በ1000 ዋት ብታበስሉ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ አለው፤ ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አንድ ሰው ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው የምድጃው ፍጆታ ርካሹ ደረጃ ውስጥ ይቆይ ነበር። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን የሁሉም ተደምሮ ወደ ውድ ደረጃ ይወጣል። አከራይዋ "መብራት በዛብኝ" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው።

ቀላሉ መፍትሔ የውስጥ ቆጣሪ ነው። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ወደ እናንተ ክፍል በሚሄደው መስመር ላይ ይገባል፤ በወሩ መጨረሻ ንባቡ ታይቶ የድርሻችሁን ትከፍላላችሁ። አከራዩን ለማሳመን ወጪውን እናንተ ሸፍናችሁ ስትወጡ ነቅላችሁ እንደምትሄዱ ንገሯቸው። ይህ ካልሆነ አከፋፈሉ ውል ውስጥ ይግባ፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋልና፣ "መብራት በስምምነት" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በቁጥር ትተካ።

ክፍት ሽቦ ያለው ስቶቭ

ይህ በሀገር ውስጥ የሚሠራው፣ በክብ ሸክላ ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ የተዘረጋበት ነው። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ሲሰካ ወዲያው ይቀላል፤ በደብረ ማርቆስ ቅዝቃዜ 1 ሊትር ውኃ በ1000 ዋት ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ያፈላል። የሸክላ ድስትም፣ የሳሳ አሉሚኒየም ድስትም፣ ጀበናም ይቀበላል። ሽቦው ቢበጠስ የትኛውም የዕቃ ሱቅ መለዋወጫ አለ፤ በ10 ደቂቃ ይቀየራል። ጥቅሙ ይኸው ነው።

ዕዳው ደግሞ ሽቦው ራሱ ነው። ተገልጦ ስለተቀመጠ ኤሌክትሪኩ ድስት ሊነካ ይችላል። የአሉሚኒየም ድስት ቂጥ ሽቦውን ከነካ ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ፣ የምታማስሉበት የብረት ማንኪያ፣ ቀጥሎም እጃችሁ መስመር ላይ ናቸው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ከቆማችሁ ነዘረኝ ብላችሁ የምታልፉት አይሆንም። የእንጨት ማማሰያ፣ ደረቅ ጫማ፣ ድስቱን ከማንሳት በፊት መንቀል፤ እነዚህ ሦስቱ ድርድር የላቸውም። ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖረውም አትመኑት፤ የእኛ ሀገር ፕላግ ተገልብጦም ስለሚገባ ማጥፊያው ኒውትራሉን (የመመለሻውን መስመር) ብቻ ቆርጦ ፌዙን (ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር) ሽቦው ላይ ሊተወው ይችላል። ጠፍቷል ያላችሁት ምድጃ ሊነዝር ይችላል ማለት ነው።

ሽቦው የሚበጠስበት ዋና ምክንያት ሽሮ ነው። ሽሮ ሲፈላ ይወጣጥርና ይገነፍላል፤ ጨውና በርበሬ ያለበት ፈሳሽ በቀላው ሽቦ ላይ ሲወድቅ የነካው ቦታ ይበላል፣ ሸክላውም በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ለአንድ ሰው ሽሮ ግማሽ ሊትር ውኃና ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። ድስቱ ይህንን ይዞ ከግማሽ በታች መሆን አለበት፤ ትንሿ ድስት ቆጣቢ ትመስላለች እንጂ በወር ሁለት ሽቦ ታስበላለች። ዱቄቱ ከገባ በኋላ መገንፈሉ እስኪረጋ ድረስ ክዳን አይከደንበት።

ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ አጣምሮ መልሶ መሰካት የተለመደ ነው፤ ለአንድ ማታ ይሠራል። ነገር ግን ሽቦው ስላጠረ የሚስበው ኃይል ጨምሯል፣ የተጣመመበትም ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል። ደግሞ የሚበጠሰው እዚያው ነው፣ በየጊዜውም ይበልጥ ይጋጋላል። አንዴ ካጣመማችሁ በሚቀጥለው ቀን አዲስ ሽቦ ግዙ። አዲሱን ስታስገቡ አዘረጋጉን ልብ በሉ፦ ቦዩ ውስጥ እኩል ካልተዘረጋ፣ የተቀራረበበት ጥግ መጀመሪያ ይቃጠላል። ቦዩን በክር ለክታችሁ ሽቦውን በዚያ ልክ አስቀድማችሁ ሳቡት፣ ከዚያ አስገቡት።

ድፍን ስቶቭ

ከውጭ የሚመጣው፣ ሽቦው በድፍን የብረት ገበታ ሥር የተቀበረው ነው። ዋጋው ከክፍቱ ይበልጣል፣ ግን ለተመራቂ የምመርጠው እሱን ነው። የገነፈለው ገበታው ላይ ይጨሳል እንጂ ሽቦ አይነካም፤ ድስቱ ከመስመር ተለይቷል፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ ስላለው ሽሮን በዝግታ ማንተክተክ ይቻላል።

ይዘገያል። ገበታው እስኪሞቅ 5 ደቂቃ ያህል ይበላል፤ በ1000 ዋት 1 ሊትር ውኃ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ባለ 2000 ይገዛል፤ ክፉ ሶኬት ላይ ሲሰካው ደግሞ ሶኬቱን ያቀልጣል። ብልሃቱ ሌላ ቦታ ነው። ገበታው የያዘው ሙቀት ከተነቀለ በኋላም ይሠራል፤ ስለዚህ ወጡ ሊደርስ 5 ደቂቃ ሲቀረው አጥፉት። ሩዝ ከሆነ ሊደርስ 7 ደቂቃ ሲቀረው ማጥፋት ይቻላል።

ከድፍን ስቶቭ ጋር የማይስማማው ቂጡ የጎበጠ ድስት ነው። ገበታውን በሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ የሚነካ ድስት ሙቀቱን ግማሽ ያህል ለአየር ይሰጠዋል። ድስት ስትገዙ ሱቁ መስታወት ወይም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በጣት ጫፉን ጫኑት፤ የሚንገዳገደውን መልሱ። ስፋቱም ከገበታው በትንሹ ቢበልጥ እንጂ አይነስ። የሸክላ ድስትና ጀበና በዚህ ላይ ይሠራሉ፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ቡና ወዳድ ከሆናችሁ ላቀቿን ለጀበናው አቆዩት።

በክረምት የገበታው ጠላት ዝገት ነው። ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ አይተው። አድርቁት፣ አንዴ አሙቁት፣ በጨርቅ አንድ ጠብታ ዘይት ቀቡት።

ሱቅ ውስጥ ሊታመን የማይችለው የተለጠፈው ዋት ነው። ባለ 1500 ተብሎ 1000 የማይሞላ አለ፤ ከተጻፈበት በላይ የሚስብም አለ። ሱቁ መልቲሜትር ካለው የፕላጉን ሁለት እግሮች መቋቋም አስለኩ፣ መቆጣጠሪያውም እስከ መጨረሻ የተከፈተ ይሁን፦ 48 ኦም ገደማ ካሳየ 1000 ዋት፣ 32 ገደማ ከሆነ 1500፣ 24 ገደማ ከሆነ 2000 ዋት ነው። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የዲጂታል ቆጣሪ መብራት በየኪሎዋት ሰዓቱ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ስቶቩን ብቻ ሰክታችሁ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፦ 17 ጊዜ ገደማ ብልጭ ካለ 1000 ዋት ነው፣ 25 ከሆነ 1500፣ 33 ከሆነ 2000። ከጎረቤት ጋር ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ይህን ሁሉም ሥራ ቦታ በሚሆንበት ሰዓት አድርጉት።

ኢንደክሽን

ፍጥነቱ አይካድም። በ1500 ዋት 1 ሊትር ውኃ በ4 ደቂቃ ገደማ ያፈላል፤ ከሚስበው ኃይል የሚባክነውም ትንሽ ነው፤ ገበታው ራሱ ስለማይነድ ክፍሉ አይጋልም። ብርዳማው እንጅባራ ላለ ሰው ግን ይህ የመጨረሻው ከጥቅም ይልቅ ጉዳት ሊመስለው ይችላል።

ችግሩ የሚሠራው ማግኔት በሚይዝ ብረት ድስት ብቻ መሆኑ ነው። ገበያው ላይ ያለው አሉሚኒየም፣ የሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ ከቤተሰብ የመጣው አሮጌ መጥበሻ ሁሉ ከጥቅም ውጪ ነው። ስለዚህ ዋጋው የምድጃው ብቻ ሳይሆን የድስቶቹም ነው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና ቂጡ ላይ ሞክሩ፤ ካልያዘ አይሠራም። ሁለተኛው ደግሞ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለውን የቮልት ዝላይ አይወድም፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውም መለዋወጫውም ከከተማ ከተማ ይለያያል። መብራት በጠፋ ቁጥር የመንቀል ልማድ ያለው ሰው ብቻ ይግዛው።

ከሰል፣ ቡታጋዝ፣ ነጭ ጋዝ

በአዊ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ተክሎ ከሰል ያወጣል፤ ስለዚህ ከሰል ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባሉ ገበያዎች የማይጠፋ ዕቃ ነው። በማዳበሪያ ስትገዙ የማዳበሪያውን ታች ዳብሱ፤ ደቃቁ የሚከማቸው እዚያ ነው። ሁለት ከሰል አጋጭታችሁ የብረት ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ዱልዱም ድምፅ ከሰጠ ወይ አልበሰለም ወይ ርሷል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሸጠው ብዙው ርሶ ነው፤ ተመራቂ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚይዘው በዚያው ወቅት ነው። ለቀጣዩ ክረምት ግን አንድ ማዳበሪያ ከሰኔ በፊት ያስገባ ሰው ይተርፋል።

ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ላቀች ግዙ። ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ ከቆርቆሮው ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩቡን ያህል ይቆጥባል። የምትለይበት ሸክላው ነው፦ ዙሪያውን በጣት አንኳኩ፤ ድምፁ የተሰነጠቀ ከሆነ በመንገድ ተጎድቷል። የመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ እሳት አታንድዷት፤ በጥቂት ፍም ጀምራችሁ እርጥበቱን አውጡላት።

አሁን ልብ የሚባለው ነገር ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጅባራም ከዚያ አያንስም፤ የክረምቱ ሌሊት ብርድ ነው። ብርዱን ሸሽቶ ፍም ይዞ ክፍል ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ የመጣ ይመስላል እንጂ መመረዝ ነው። ጭሱ ያለቀ "የጠራ" ፍም ደህና ነው የሚባለው ሐሰት ነው፤ ጭስ ባይኖርም ጋዙ አለ። ላቀች ማብሰያዋ በረንዳ ላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም።

ቡታጋዝ ንጹሕ ነው፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ ሲሊንደር ማስሞላቱ ነው፤ በትንንሽ ከተሞች አቅርቦቱ ይቋረጣል፣ ባዶ ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ዳር መሄድ ለአንድ ሰው ምግብ አያዋጣም። ካላችሁ ግን ማያያዣውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋ ከነፋ ይፈሳል። ነጭ ጋዝ ምድጃን በተመለከተ፣ ሽታው ምግቡ ውስጥ ይገባል፣ ልብሱም ክፍሉም ይሸታል፤ አይመከርም።

እንጀራን በተመለከተ፦ ምጣድ አትግዙ። ከላይ እንደታየው 16 አምፔር ለኪራይ መስመር ከባድ ነው፣ ለአንድ ሰው እንጀራም የሊጡና የአብሲቱ ጣጣ አያዋጣም። ከጋጋሪ ጥቂት እየገዙ መብላት ይሻላል። በክረምት እርጥበት ከ3 ቀን በላይ ሲቆይ ይሻግታል፣ ስለዚህ በአንዴ ለሳምንት አትግዙ። ከቤተሰብ የሚመጣው በሶ ምንም ምድጃ አይፈልግም፤ መብራትም ከሰልም በሌለበት ቀን እሱ ያድናል።

ከፍታውና ድስቱ

ወጡ ለምን ዘገየ ብሎ ምድጃውን የሚወቅስ ሰው ከፍታውን ይረሳል። በየ300 ሜትሩ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ይፈላል። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽሮና ምስር ክክ ይህ ብዙም አይጎዳቸውም። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ግን ይጎዳሉ፤ 45 ኪሎዋት ሰዓት ብለን ያሰላነውን በሁለት እጥፍ የሚያሳድጉት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ከስቶቩ ቀጥሎ የሚገዛው ዕቃ የግፊት ድስት ነው፣ ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሊትር። ውስጡ ያለው ሙቀት እዚህ ከፍታ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሌሊቱን ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ የተነከረ ቦሎቄ ፊሽካው ከጀመረ በኋላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ በተራ ድስት ከሁለት ሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛ፣ ለጥራጥሬ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ልጣጩ ወጥቶ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይዘጋል። ስትገዙ የክዳኑን ጎማ ጠምዝዛችሁ እዩ፤ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ እንፋሎት ያፈስሳል፣ ግፊቱም አይነሣም። መለዋወጫ ጎማ ከሌለው ሱቅ አትግዙ። ክዳኑን በጉልበት አትክፈቱት፤ ፊሽካው ሲነሣ ምንም የማይተነፍስ ሲሆን ብቻ ነው።

ድፍን ስቶቭና የግፊት ድስት አንድ ላይ ሲሆኑ የስቶቩ ዘገምተኝነት ብዙም አይጎዳም። ፊሽካው ከጀመረ መቆጣጠሪያው ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፣ ገበታው በያዘው ሙቀት ይቀጥላል።

ሁለተኛ እጅ

ሰኔና ሐምሌ ላይ ውጪ ተከራይተው የነበሩ ተማሪዎች ዕቃቸውን ሸጠው ይሄዳሉ፤ ስቶቭ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ድስት በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ጀሪካኑንና ድስቱን ያለ ሥጋት ግዙ፤ ጀሪካኑ ግን ነዳጅ ወይም ኬሚካል ይዞ እንደነበር አሽትቱ፤ ሽታ የሌለው ኬሚካልም ስላለ ሻጩንም ጠይቁ። ክፍት ሽቦ ስቶቭም ሸክላው ካልተሰነጠቀ ይገዛል፣ አዲስ ሽቦና አዲስ ገመድ እስከተደረገለት ድረስ። ገመዱ ወደ ምድጃው የሚገባበት ማያያዣ ከጠቆረ እሱም አብሮ ይቀየር።

ድፍን ስቶቭ ሁለተኛ እጅ ሲሆን ግን ሰክተው ሳያዩ አይከፍሉም። ሻጩ ቤት ሆነው 10 ደቂቃ ያሙቁት፤ ገበታው በሁሉም በኩል እኩል መጋል አለበት። መቆጣጠሪያውን ዝቅ ሲያደርጉት መብራቱ ጠፍቶ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተመልሶ መብራት አለበት፤ ይህን ካላደረገ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል፣ ሙሉ ኃይል ከመስጠት ሌላ አያውቅም። በመጨረሻ የቴስተሩን ጫፍ ገበታው ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ፕላጉን ገልብጣችሁ ሰክታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። በአንደኛው አቅጣጫም ቢሆን ቴስተሩ ከበራ ውስጡ ያለው መከላከያ ተበልቷል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይለፋችሁ።